ሌኒንግራድ ኖሬ ፒተርስበርግን ሳላያት

(በአንድ የወዳጆች የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ ላይ የተናገርኩት ነው። ከስልክ ቅጂ ተገልብጦ የተጻፈ ስለሆነ እንዳለ ተውኩት። «ማለት ነው» የምትለዋን ብቻ ቀንሻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይደርሳል? ይደርሳል። ጥሩ።

የተከበራችሁ ታላላቆቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ለቡናው ብላችሁ የመጣችሁም ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ባለፈው እዚሁ ቆሜ ስለ ግድብ ሳወራ ግማሻችሁ አሸልባችሁ ነበር። አይቻለሁ። ዛሬ ግን ወርቅ አለ፣ ሥዕል አለ፣ ንግሥት አለች፣ ድመትም አለ። እንደማትተኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ስለ ሩሲያዋ ፒተርስበርግ ቤተ መንግሥቶችና ሙዚየሞች ንገረን ብላችሁ ጠራችሁኝ። ስድስት ዓመት እዚያ ስለተማርኩ አዋቂ መስያችኋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ በ1985 መስከረም ገባሁ፣ በ1991 ሐምሌ ወጣሁ። ስገባ ከተማዋ ሌኒንግራድ ነበረች። ልወጣ ስል ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ የድሮ ስሟን መልሱልን አለ።

ታዲያ በስድስት ዓመት ውስጥ ኤርሚታዥ የሚባለውን ትልቁን ሙዚየም ስንት ጊዜ የገባሁ ይመስላችኋል? ሃያ? አሥር?

ሦስት ጊዜ! አንደኛውም ብርድ ሸሽቼ ነው።

አትሳቁ። እስቲ እዚህ ካላችሁት አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ሉሲን ያየ እጁን ያውጣ። ... አያችሁ? «ነገ አየዋለሁ» የሚባል በሽታ አለ። ያለበት ሰው አያውቀውም። እኔም ቅዳሜ ሲመጣ ልብስ ማጠብ አለ፣ ድንች መጥበስ አለ፣ ወረፋ አለ። ኤርሚታዥ የትም አይሄድ። እንዲህ እያልኩ ዲግሪዬን ይዤ ተመለስኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ተመልሼ የሄድኩት። እንደ ቱሪስት። ልጄ አንዱን ቤተ መንግሥት አይታ «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። አላውቀውም። ለስድስት ዓመት በሩ ላይ በትራም አልፌያለሁ። አላውቀውም! እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስለዚህ ዛሬ የሚነግራችሁ ዘግይቶ ያየ ሰው ነው። ሦስት ነጥብ አለኝ። አንደኛው፣ እንዴት እንደሚገባ። ሁለተኛው፣ ውሃ። ምን ላድርግ፣ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። ሦስተኛው፣ እኛ ኢትዮጵያውያን እዚያ ከተማ ውስጥ ያለን ነገር። ከመንገድ ከወጣሁ መልሱኝ።

አንደኛው። እንዴት ይገባል?

በካፖርት አይገባም። ይህ ቀልድ አይደለም። ሩሲያ ውስጥ ሙዚየም ስትገቡ ካፖርት ለጋርደሮብ ታስረክባላችሁ። ጋርደሮብ የልብስ ማስቀመጫው ነው። ከባንኮኒው ወዲያ አንዲት አሮጊት ትቆማለች። ካፖርቱን ትቀበልና አንገቱ ላይ ባለችው ትንሽ ማንጠልጠያ ሰቅላ ቁጥር ትሰጣችኋለች። ያቺ ማንጠልጠያ «ፔቴልካ» ትባላለች።

እኔ በገባሁ በወሩ ነው። ካፖርቴ ከመርካቶ፣ ከሰልባጅ የተገዛ ነው። ሩሲያኛዬ የአንድ ወር ነው። በአንድ ሙዚየም ካፖርቴን ዘረጋሁላት። አገላብጣ አየችና «ፔቴልካ የለም!» አለችኝ። ፔቴልካ ምንድን ነው? ትኬት መሰለኝ፤ ትኬቴን አሳየኋት። «ፔቴልካ!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ፓስፖርት ይሆናል ብዬ ፓስፖርቴን አወጣሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። የተማሪነት ደብተሬን አወጣሁ። በመጨረሻ ካፖርቱን ከእጄ መንጭቃ ቁጥር ወረወረችልኝ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ስመለስ ካፖርቴ ላይ ፔቴልካ ተሰፍቷል። ከጥቁር ጥብጣብ፣ በቀይ ክር። ፈገግ ያለች እንዳይመስላችሁ። «እናትህ እንዲህ ሆነህ ብታይህ ምን ትላለች?» ብላ እንደገና ተቆጣችኝ።

እነዚህን ሴቶች አስታውሱልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ። በየሙዚየሙ በየክፍሉ ወንበር ላይ የሚቀመጡ እናቶች አሉ። ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። «አትንኩ»፣ «አትደገፉ»፣ «ወደዚያ» ይላሉ። ቱሪስት ይፈራቸዋል። እኔ ግን የምመክራችሁ ከአስጎብኚው ይልቅ እነሱን ጠይቁ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ክፍሉን እንደ ጓዳቸው ያውቁታል።

አሁን ወደ ኤርሚታዥ እንግባ። ትልቁ ሕንፃ የክረምት ቤተ መንግሥት ይባላል። ራስትሬሊ የሚባል ጣሊያናዊ አርክቴክት ከ1754 እስከ 1762 የሠራው ነው። አረንጓዴና ነጭ፣ ከኔቫ ወንዝ ዳር። ያሠራችው እቴጌ ኤልሳቤጥ ናት፤ ሳትገባበት ሞተች። ዳግማዊት ካትሪን መጣችና በ1764 ከአንድ የበርሊን ነጋዴ የሥዕል ስብስብ ገዛች። ሙዚየሙ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ነው። «ኤርሚታዥ» ማለት ደግሞ በፈረንሳይኛ ምን መሰላችሁ? የመናኝ ጎጆ! እኛ የመናኝ ጎጆ ስንል ዋሻ፣ ሰሌን፣ አንድ ቅል ውሃ ነው የምናስበው። የካትሪን የመናኝ ጎጆ ግን ዛሬ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ዕቃ አለው።

አሰብኩት። ሁሉንም አውጥተው ቢደረድሩላችሁና እያንዳንዱን አንድ ደቂቃ ብታዩ 3 ሚሊዮን ደቂቃ ነው። 50 ሺህ ሰዓት። በቀን ስምንት ሰዓት ብትቆሙ 17 ዓመት ይፈጃል። ሰኞ ዝግ መሆኑን ሳልቆጥር!

ታዲያ ሰዉ ምን ያደርጋል? ይሮጣል። ስልኩን ከፍ አድርጎ ይሮጣል። በአንድ ቀን ኤርሚታዥ፣ ከሰዓት ይስሐቅ ካቴድራል፣ ማታ ጀልባ። ማታ ሆቴል ሲገባ እግሩን እንጂ ሥዕሉን አያስታውስም። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ሦስት ነገር ምረጡ። ሦስት! የቀረው ይቅር።

ካትሪን ራሷ ይህን ሁሉ የምናደንቀው እኔና አይጦቹ ብቻ ነን ብላ ጽፋለች ይባላል። አይጦቹ እውነት ነበሩ። ስለዚህ ድመት አለ፤ ቃል ገብቻለሁ። ኤልሳቤጥ በ1745 ከካዛን ከተማ ድመት ይምጣልኝ ብላ አዋጅ አውጥታለች። እስከ ዛሬ ምድር ቤቱ ውስጥ በርካታ ደርዘን ድመቶች ይኖራሉ። የሚመግባቸው ሰው አላቸው። ከሥዕሎቹ ጋር የመንግሥት አገልጋዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

እኔ የመረጥኳቸው ሬምብራንት የሚባል የሆላንድ ሠዓሊ የሣላቸው ሁለት ሥዕሎች ናቸው። ሦስተኛውን እናንተ ምረጡ።

የመጀመሪያው የጠፋው ልጅ መመለስ ነው። ታሪኩን ሁላችሁም ከሉቃስ ወንጌል ታውቁታላችሁ። ትልቅ ሥዕል ነው፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶናል። ተንበርክኳል። ፊቱ በደንብ አይታይም። የሚታየው እግሩ ነው። አንዱ ጫማ ወልቋል፣ የሌላው ሶል አልቋል። አባትየው ሁለት እጁን ጀርባው ላይ አሳርፏል።

ብርድ ሸሽቼ ገባሁ ያልኳችሁ ቀን ይህ ነው። በ1988 ጥር። የአባቴን ሞት የሚናገር ደብዳቤ የደረሰኝ አርባው ካለፈ በኋላ ነበር። ያኔ ስልክ እንዲህ እንደ ዛሬ አይደለም። ክፍል አልገባሁም። በኔቫ ዳር ስሄድ ስሄድ ፊቴ ደነዘዘ። የተማሪ ትኬት ርካሽ ስለሆነ ገባሁ። ሥዕሉ መኖሩንም አላውቅም። ዝም ብዬ ከክፍል ክፍል ስሄድ እዚያ እግር ላይ ደረስኩ። ያለቀችው ሶል ላይ።

ከዚያ በላይ አልናገርም። ሙዚየሙ ሲዘጋ በየክፍሉ «እንዘጋለን፣ እንዘጋለን» እያሉ ሰው ያስወጣሉ። የዚያ ክፍል ሴትዮ ሁሉንም አስወጥታ እኔን በመጨረሻ ነው የጠራችኝ።

ሁለተኛው ዳናዬ ነው፤ በግሪክ ተረት ያለች ልዕልት ናት። ዳናዬን ተማሪ ሳለሁ አላየሁትም። ማንም አላየውም። እኔ ከመግባቴ ከሦስት ወር በፊት፣ በ1985 ሰኔ፣ አንድ ሰው ክፍሉ ገብቶ ሥዕሉን በቢላዋ ወጋው፣ ሰልፈሪክ አሲድ ደፋበት። ሠራተኞቹ ሥዕሉን ቀጥ አድርገው አቁመው አሲዱን በውሃ ማጠብ ጀመሩ። ቀለሙ ከአሲዱ ጋር እየፈሰሰ ነበር። ከዚያ እድሳት ገባ። ስንት ዓመት? 12 ዓመት! በ1997 ነው የተመለሰው።

ልብ በሉልኝ። እኔ በዚያ መሃል ዲግሪ ይዤ፣ አገሬ ገብቼ፣ አግብቼ፣ ልጅ ወልጃለሁ። እነዚያ ሰዎች ያችን አንዲት ሸራ ይዘው ተቀምጠዋል። ዛሬ ስታዩት ጉዳቱ ይታወቃል። እንደ አዲስ አልቀቡትም። ሬምብራንትን አስመስለን እንቀባ አላሉም። የቀረውን አዳኑ። እኔ ይህን ከወርቁ ሁሉ አብልጬ ወድጄዋለሁ።

ሌላም አለ። በ1941 ጀርመን ሲመጣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃ በሁለት ባቡር ተጭኖ ወደ ኡራል፣ ወደ ስቨርድሎቭስክ ሄደ። ሦስተኛው ባቡር ሳይወጣ ከተማዋ ተከበበች። ሥዕሎቹ ከፍሬማቸው ወጥተው ሲሄዱ ፍሬሞቹ ግድግዳው ላይ ቀሩ። ባዶ ፍሬም። 872 ቀን በቆየው ከበባ መሃል፣ በ1942 ጸደይ፣ ወታደሮች መጥተው የተሰበረ መስታወትና በረዶ ሲያጸዱ ዋሉ። ፓቬል ጉብቼቭስኪ የሚባል የሙዚየሙ ሰው በምን ያመስግናቸው? አስጎበኛቸው። ባዶው ፍሬም ፊት እየቆመ «እዚህ ላይ እገሌ ቆሟል፣ ብርሃኑ ከዚህ ይመጣል» እያለ በቃሉ አስጎበኛቸው።

ስንቶቻችን ነን ቤታችን ያለውን ፎቶ በቃላችን የምንተርከው?

በሉ፣ ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ቆይ፣ ከመንገድ ልውጣ፤ ድልድዩን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ኔቫ ላይ ያሉት ድልድዮች ሌሊት መርከብ እንዲያልፍ ይከፈታሉ። መሃላቸው ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሰማይ ይነሣል። በሰኔ ደግሞ ሌሊቱ አይጨልምም፤ «ነጭ ሌሊት» ይሉታል። አሁን ቱሪስት ገንዘብ ከፍሎ በጀልባ ሄዶ ያየዋል። እኛ ግን ጠላታችን ነበር! ጭፈራ ቤት አምሽታችሁ ስትመጡ ድልድዩ ከተነሣ፣ ዶርማችሁ በአይናችሁ እየታየ እስከ ንጋት ወዲህ ማዶ ትቀራላችሁ። ስንቴ የቤተ መንግሥቱን ግንብ ተደግፌ አንግቻለሁ። ከውጭ በኩልማ ኤርሚታዥን በደንብ አውቀዋለሁ!

ሁለተኛው። ውሃ።

ከከተማው ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ፔተርጎፍ ታገኛላችሁ። በባሕር ሰላጤው ዳር የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ያሠራው የበጋ ቤተ መንግሥት ነው። ከ140 በላይ ፏፏቴ አለው። ወርቅ ቅብ ሐውልት በየደረጃው። መሃል ላይ ሶምሶን የአንበሳ አፍ ይቀድዳል፤ ከአንበሳው አፍ ውሃ 20 ሜትር ወደ ላይ ይተኮሳል። ለምን ሶምሶን? ጴጥሮስ ስዊድንን ፖልታቫ ላይ ያሸነፈው በ1709 በቅዱስ ሳምፕሶን ቀን ነው። አንበሳው የስዊድን ነው፤ አርማቸው ላይ አለ።

ቱሪስቱ ወርቁን ፎቶ ያነሣል። እኔ ሌላ ነገር ነው የፈለግኩት። ፓምፑ የት ነው? አንድ ሰዓት ሙሉ ፓምፕ ፈለግኩ። ባለቤቴ ተናደደች።

ፓምፕ የለም! ጌቶቼ፣ ፓምፕ የለም።

ውሃው የሚመጣው ሮፕሻ ከሚባል ከፍታ ቦታ ነው። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጴጥሮስ ራሱ አካባቢውን ዞሮ ምንጮቹን አየ። በ1721 ቱቮልኮቭ የሚባል መሐንዲስ ወታደሮችን ይዞ ቦይ ቆፈረ። ውሃው በቦይ፣ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየወረደ ይመጣል። ከኩሬው በቱቦ ሲወርድ የወረደበትን ከፍታ መልሶ ሊወጣ ይገፋል። በቃ። ስበት ነው። 300 ዓመት ያለ ነዳጅ፣ ያለ መብራት። አንድ ጊዜም መብራት ጠፍቶ አልቆመም። (እዚህ ላይ አጨብጭባችኋል፤ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል።)

ከፈረንሳዩ ቬርሳይ ጋር አወዳድሩት። እነሱ ከሴን ወንዝ ውሃ ለመግፋት 14 ትልልቅ መዘውር ያለው ማሽን ተከሉ። አልበቃም። ስለዚህ ንጉሡ ሲንሸራሸር ውሃ ከፋቾቹ በፉጨት እየተጠራሩ ፊት ለፊቱ ያለውን ይከፍቱ፣ ሲያልፍ ይዘጉ ነበር። ጴጥሮስ ቬርሳይን በ1717 አይቶታል። ፔተርጎፍ ቀኑን ሙሉ ይፈስሳል።

እዚያው የቀልድ ፏፏቴዎችም አሉ። አግዳሚ ወንበር አለ፣ ፊቱ ድንጋይ ተነጥፏል። የተሳሳተውን ድንጋይ ስትረግጡ ውሃ ይረጫችኋል። ልጆች ይጮኻሉ። እኔ መሐንዲስ ነኝና የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ላገኝ ቆረጥኩ። ሦስተኛው ነው? ረጨኝ። አምስተኛው? እንደገና ሦስተኛውን ረገጥኩ፤ ዝም! ሰባተኛውን ስረግጥ ረጨኝ። በስብሼ ቆሜ ማስላት ያዝኩ። ልጄ ናት ያገኘችው። ከቁጥቋጦው ጀርባ በትንሽ ጎጆ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቧንቧ ይዘው ተቀምጠዋል! ደስ ያላቸውን ሰው ሲያዩ ይከፍታሉ። የኢንጂነሪንግ ዲግሪዬ እዚያ ቀረ።

አሁን ሳቃችሁን ያዙልኝ። ያ ሁሉ የምታዩት በ1944 አልነበረም። ጀርመን ከ1941 መስከረም ጀምሮ ፔተርጎፍን ያዘ። ሲወጣ ቤተ መንግሥቱ ተቃጥሏል። ሶምሶን ጠፍቷል፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አሁን የምታዩት ሶምሶን ሲሞኖቭ የሚባል ቀራጺ ከፎቶ እያየ እንደገና ሠርቶት በ1947 የቆመ ነው። 1947! ሕዝቡ ገና ቤት የለውም። ዳቦ በኩፖን ነው። ፏፏቴ ግን ከፈቱ።

እኔ ወጣት ሳለሁ ይህን ስሰማ «ቅንጦት ነው» ብዬ ተከራክሬያለሁ። ያኔ ሁላችንም ተከራካሪዎች ነበርን። የዶርሙ ጓደኛዬ የሌኒንግራድ ልጅ ነበር፤ ምንም አልመለሰልኝም። አያቱ በከበባው ጊዜ ሞተዋል። በዚያ ክረምት የብዙ ሰው የቀን ዳቦ 125 ግራም ነበር። 125 ግራም ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ ሻይ ዳቦ አይሞላም። ለዚያውም ንጹሕ ዱቄት አይደለም።

የካትሪንን ቤተ መንግሥት ቶሎ ብዬ ልለፈው፤ በአሁኑ ፑሽኪን ከተማ ነው ያለው። ሰው ሁሉ የሚሄደው ለአምበር ክፍል ነው። ግድግዳው በሙሉ በአምበር፣ ድንጋይ በሆነ የዛፍ ሙጫ፣ የተለበጠ ነው። በ1716 የፕሩሲያ ንጉሥ ለጴጥሮስ የሰጠው ነው። ናዚዎች ነቅለው ያኔ የጀርመን ከተማ ወደነበረችው ኮኒግስበርግ ወሰዱት፤ ከ1945 ወዲህ የት እንደገባ አይታወቅም። ሩሲያውያኑ በ1979 እንደገና መሥራት ጀምረው በ2003 ጨረሱት። እውነቱን ልንገራችሁ? ብዙም አልነካኝም። ግፊያ ነው፤ ማር ውስጥ የተዘጋችሁ ይመስላችኋል፤ ሂዱ ሂዱ ይሏችኋል። የነካኝ ከዚያ በፊት ባሉት ክፍሎች የተሰቀለው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። የቆምኩበት አዳራሽ ጣሪያ የለውም፤ ወለሉ ላይ በረዶ አለ። ቀና ስል ወርቅ ነው። ዝቅ ስል ፎቶው። እሱን ሳታዩ እንዳታልፉ።

ጊዜ ካላችሁ ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ፓቭሎቭስክ አለ። ሰው ይቀንሳል። አና ዜሌኖቫ የምትባል ወጣት ሴት በ1941 ኃላፊ ሆና የቻሉትን ዕቃ ወደ ኋላ ላከች። ሊጫኑ ያልቻሉትን ሐውልቶች አትክልት ቦታው ውስጥ በጥልቀት አስቀበረች። ምድር ቤትም ውስጥ ግንብ አስገንብታ ከበስተጀርባው ደበቀች። ስትመለስ ቤተ መንግሥቱ አመድ ነው፤ የቀበረችው ግን እንዳለ ነበር። ከዚያ ስታሠራው ዕድሜዋን ጨረሰች።

ሦስተኛው። እኛስ?

ኢትዮጵያዊ ነኝ ስትሉ የድሮ ሰው ፊቱ ይበራል። «የፑሽኪን አገር!» ይላል። በተማሪነቴ አንዲት ሴትዮ ትራም ውስጥ ጸጉሬን አይታ ግጥም አንብባልኛለች። ገጣሚው ፑሽኪን የሞተበት ቤት ሞይካ በሚባለው ወንዝ ዳር ቁጥር 12 ነው። በ1837 ጥር በሽጉጥ ፍልሚያ ቆስሎ ወደዚህ አመጡት፤ በሁለተኛው ቀን በመጻሕፍቱ መሃል ሞተ። ሰዓቱ በሞተባት ደቂቃ ቆሟል። ወርቅ የለም፣ እብነ በረድ የለም። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የከበደኝ ቤት ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቀለም መያዣ ፈልጉልኝ። መልሕቅ ተደግፎ የቆመ ጥቁር ልጅ አለበት። ጓደኛው ለአዲስ ዓመት «አያትህን ልኬልሃለሁ» ብሎ በቀልድ የላከለት ነው። አያት የተባለው አብርሃም ሃኒባል ነው፤ ቅድመ አያቱ። ጴጥሮስ ክርስትና አንስቶ ያሳደገው፣ ፈረንሳይ ተልኮ የተማረ፣ የምሽግ መሐንዲስ፣ ጄኔራል። ቤተሰቡ ከአቢሲኒያ ነው ሲል ኖሯል። ምሁራን ይከራከራሉ፤ አንዳንዱ የእኛን ሰሜን፣ አንዳንዱ ወደ ቻድ ሐይቅ ያለውን አገር ይላል። እኔ መሐንዲስ መሆኑ ይበቃኛል፤ ወገኔ ነው።

የጴጥሮስና ጳውሎስ ምሽግም ሂዱ። ነገሥታቱ የተቀበሩበት ነው። በ1895 አፄ ምኒልክ ወደ መስኮብ የላኳቸው መልዕክተኞች፣ ፊታውራሪ ዳምጠው የመሯቸው፣ እዚያ ከተማ ገብተው ነበር። ለአሌክሳንደር ሣልሳዊ መቃብር አክሊል ይዘው ነበር የሄዱት። እኔ ነጩ መቃብር ፊት ቆሜ ያሰብኩት ንጉሡን አይደለም። ፊታውራሪውን ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ በዓመቱ አድዋ ላይ ወደቀ።

ኩንስትካሜራ የሚባለውም አለ፤ ጴጥሮስ በ1714 ያቋቋመው፣ የሩሲያ የመጀመሪያው ሙዚየም። ሰዉ የሚሰለፈው በማሰሮ የተቀመጡ አስፈሪ ነገሮችን ለማየት ነው። እኔ አልወደድኩትም። ነገር ግን ገጣሚው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ በ1913 በዚያ ሙዚየም ተልኮ ሐረር ድረስ መጥቶ ዕቃ ሰብስቧል። ያኔ የሐረር ገዥ የነበሩትን ደጃዝማች ተፈሪንም ፎቶ አንስቷል።

የመጨረሻው ሙዚየም አይደለም። ትኬት የለውም። ይስሐቅ ካቴድራል ያለበት አደባባይ ላይ፣ ሁሉም ወርቃማውን ጉልላት ፎቶ ሲያነሣ፣ ዞር በሉ። የዕፅዋት ምርምር ተቋም አለ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የመራው ነው። ቫቪሎቭ በ1927 አገራችን መጥቶ በበቅሎ እየዞረ ስንዴያችንን፣ ገብሳችንን ሰበሰበ። ይህ ምድር የእህል መፍለቂያ ነው ብሎ ለዓለም የጻፈ ሰው ነው። ዘሩ እዚያ ሕንፃ ገባ።

ከዚያ ከበባ መጣ። ሕንፃው ውስጥ ስንዴ አለ፣ ሩዝ አለ፣ ለውዝ አለ፣ ድንች አለ። ውጭ 125 ግራም ዳቦ ነው። ሠራተኞቹ ዘሩን ከአይጥና ከውርጭ ይጠብቁ ነበር። አልበሉትም። የሩዙ ባለሙያ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺህ በሚቆጠር የሩዝ ፓኬት መሃል በረሃብ ሞተ። የለውዙ ባለሙያ አሌክሳንደር ሹኪን ጠረጴዛው ላይ ሞተ። ሌሎችም። ቫቪሎቭ ራሱ ያኔ እስር ቤት ነበር፤ በ1943 ሳራቶቭ ወህኒ ውስጥ እሱም በረሃብ ሞተ።

ስድስት ዓመት በዚያ አደባባይ አልፌያለሁ። አያቶቼ ያረሱት የሸዋ ስንዴ ዘመድ እዚያ መደርደሪያ ላይ መኖሩን አላውቅም። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ባለፈው ስሄድ ባለቤቴ «እዚህ ምን ታያለህ፣ ዝግ ነው እኮ» አለችኝ። ልጄ ደግሞ ስልኳን አስቀምጣ አጠገቤ ቆመች።

እንግዲህ ሰዓቴ አልቋል፤ አዘጋጁ ሰዓታቸውን እያሳዩኝ ነው። ጥያቄ ካላችሁ ከቡናው ጋር እንቀጥል። ካፖርቱን ይዤው መጥቻለሁ፤ እዚያ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ገበሩ ሁለቴ ተቀይሯል፣ ቁልፎቹ ተቀይረዋል። አንገቱን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት፤ ቀዩ ክር እስከ ዛሬ አልተፈታም።

አመሰግናለሁ።